የቆጮው ቢላዋ በማን እጅ ነው?

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ጉልት ላይ፣ አንዲት ወጣት ቆጮውን በጣቷ እየነካች «ያለፈው ሳምንት ይሻል ነበር» አለች። ሻጯ እናት ኮባውን መልሰው እየጠቀለሉ «ያለፈው ሳምንቱ ካልታመመ እንሰት ነበራ!» አሏት። ወጣቷ ሄደች፤ እኔ ግን ቀረሁ።

እንሰቱን ሳይደርስ ነቅለው ነው የፋቁት። «ቅጠሉ ቢጫ ሲል ምን ልጠብቅ? ነገ ይበሰብሳል። ዛሬ ከፋቅሁት ግን ጥቂትም ቢሆን ዋሳ ይወጣዋል» ይላሉ፤ ዋሳ የሚሉት ቆጮውን ነው።

የደጋ እንሰት ለመድረስ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ሴቶቹ ግንዱን ይፍቃሉ፣ የሥር ግንዱን፣ አምቾውን፣ ይከትፋሉ፣ ውኃውን ጨምቀው ቡላውን ያዘቅጣሉ፤ የቀረው በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ጭረቱም ቃጫ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ሰንብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህን ተክል ከነሥዕሉ አስገብቶታል፤ ተቀቅሎ በወተት ወይም በቅቤ ሲበላ አቻ የለውም ብሎም አሞግሶታል። ዛሬ ሰሜኑ እንሰትን የሚያውቀው ዳቦ በሚጋገርበት ኮባ ነው። ሲዳማ ግን ቅቤ የጠገበውን የቆጮ ምግብ፣ ቡርሳሜን፣ በፍቼ ጨምበላላ ያቀርባል፤ በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. መዝግቦታል። ብሩስ ቡርሳሜን ቢቀምስ ምን ይል ነበር? እኔ በበኩሌ የጎንደሩን ሙገሳ የሚሰርዝ ይመስለኛል።

እንሰት ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው። የዱር ዘሩ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ይበቅላል፤ አላምዶ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን የእኛ አገር ገበሬ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከውጭ ተቋማት ጋር ባዘጋጀው ጥናት «ረሃብን የሚመክት ዛፍ» ተባለ። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች ተጨማሪ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊመግብ ይችላል አሉ። ምስጋናው ሁሉ ለተክሉ ነው። ፋቂዋን ያነሳ ጥቂት ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰት አጠውልግን የሚያመጣውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ለይተው አሳውቀዋል፤ በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየ። የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ምክሩ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ነው፤ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሻግራልና።

ይህን ለሻጯ ስነግራቸው ሳቁ። «ሥልጠናውን የወሰደው ባለቤቴ ነው፤ አበልም ተቀብሏል። የምፍቀው ግን እኔ ነኝ። ቢላዋውን በእሳት አሳዪው ብሎኝ አያውቅም፤ ምናልባት ተኝቶ ይሆናል።» ሌላም አሉኝ፦ «በሽታውን ቢላዋ ብቻ አያሻግርም፤ ዣርቱም አምቾ ይወዳል፣ ከብቱም ይገባል። እነሱንም ያሠልጥኗቸው!»

የሚመለከታቸው አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ፣ ሥልጠናው ላይ ስንት ሴቶች እንደተቀመጡ ጠየቅሁ። «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

የተረሳችው ፋቂዋ ብቻ አይደለችም፤ ቆጮዋም ስም የለውም። የሲዳማ ቡና ስሙን አስከብሯል። መንግሥት «ሲዳሞ»ን የንግድ ምልክት ለማድረግ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማምቷል። እስፔኖችም ከላ ማንቻ ውጭ የተሠራ አይብ በአውሮፓ ገበያ ማንቼጎ ተብሎ እንዳይሸጥ ስሙን በሕግ አጥረውታል። የሐዋሳ ጉልት ቆጮ ግን የየት ደጋ፣ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅለት ደንበኛው ብቻ ነው። የእንሰት ዝርያው ጌንቲቻ ይሁን ሚዳሾ ማን ይጠይቃል?

መፋቂያ ማሽን አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በተለያዩ ተቋማት ተሠርቷል። ሻጯ ግን አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። ሴት ልጃቸው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትሠራለች፤ መፋቅ አትችልም። «አልፈርድባትም» አሉኝ፤ «ወገቤን እያየች አድጋ።» ከእሳቸው በኋላ ጓሮውን ማን እንደሚፍቀው ስጠይቃቸው፣ ቦታውን ለከተማው መንገድ ሊወስዱት ነው ሲባል ሰምቻለሁ አሉኝ።