ፋሸታውን ከሥሩ እዩት

ዛሬ ተጎትታ የገባች አንዲት የሸራ ጀልባ አናዳኛለች፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉት፣ እጄ ገና ግሪስ ነው።

ጀልባዋ 30 ጫማ ገደማ ናት፤ ሞተሯ ያንማር 3ጂኤም30ኤፍ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍጣ። ባለቤቱ አምና በብርዱ ወራት የማቀዝቀዣ ጎማዎቹን በሙሉ ራሱ ቀየረ። ይህን አልቃወምም፤ ሞተሩን በእጁ የሚያውቅ ባለቤት ለእኔም ሥራ ያቀልልኛል። ነገር ግን የባሕር ውሃ በሚስበው መስመር ላይ ያሰረው ፋሸታ ከሥሩ ዝጎ ተበጠሰ፣ ጎማው ከአፉ ወለቀ፣ ውሃውም ሞተሪኖውን እስኪውጠው ገባ። በቅርብ የነበረ ሌላ ጀልባ ባይደርስለት ኖሮ አሁን የምናወራው ስለ ክሬን ነበር። ከዚህ ሁሉ ያበገነኝ ግን ወረቀቱ ነው። መድን ድርጅቱ የላከው መርማሪ በሚያዝያ አይቷት «ጎማዎች፦ ጥሩ፤ በድርብ ፋሸታ የታሰሩ» ብሎ ፈርሞላታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ መርካቶ ያላችሁ የመኪና ሙያተኞች፣ ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ የጀልባ ሞተር ራዲያተርና ቬንቲሌተር ስለሌለው ሁለት ዓይነት ውሃ ይዞርበታል። ውስጠኛው እንደ መኪናው ከግላይኮል ጋር ተቀላቅሎ ሞተሩን ይዞራል። ውጫዊው የባሕር ውሃ ከጀልባዋ ሆድ ካለ ቫልቭ ተነሥቶ በማጣሪያ፣ በፖምፓና በሙቀት መለዋወጫው አልፎ ማርሚታው መስመር ውስጥ ይደፋና ከጭሱ ጋር ይወጣል። ውስጠኛው ጎማ ከፈነዳ ሞተር ይግላል። የውጫዊው ከወለቀ ጀልባ ይሰምጣል። ሰው ግን ሁለቱንም «የውሃ ጎማ» ብሎ በአንድ ዓይን ያያቸዋል።

እንግዲህ የጎማ አቀያየሩ በቅደም ተከተል፦

1. ሞተሩ ይብረድ። የባሕሩን ቫልቭ ዝጉ፣ የሞተሩንም ቁልፍ አውጥታችሁ ቫልቩ እጀታ ላይ አንጠልጥሉት። ቫልቩን ሳይከፍት ሞተር የሚያስነሣ ሰው እንዳይኖር ነው። ቫልቩ ደርቆ አልዘጋ ካለ ሥራው እዚያው ይቁም፤ ጀልባዋ ከውሃ ትውጣ።

2. አሮጌውን ጎማ በፒንሳ አትጠምዝዙት። በምላጭ በርዝመቱ ቅደዱትና ላጡት። ጎማው ለማንኛውም ይጣላል፤ የመለዋወጫው አፍ ግን በብየዳ የተያዘ ስስ ነገር ስለሆነ ከተሰነጠቀ ኪስ ያራቁታል። ምላጩም አፉን እንዳይቧጭረው በቀስታ፤ በዚያ ጭረት ውሃ ይወጣል።

3. ጎማውን እንደ ቦታው ምረጡ። በሙቁ ውሃ በኩል ለሞተር ማቀዝቀዣ የተሠራ ጎማ ይግባ፤ ከፋብሪካው ታጥፎ የመጣውን በታጠፈው ተኩት፤ ቀጥ ያለውን አስገድዶ ማጠፍ መንገዱን ያንቀዋል። ለጭሱ መስመር ኤስኤኢ ጄ2006 የሚል ጽሑፍ የታተመበትን ፈልጉ። ከቫልቩ እስከ ፖምፓው ያለው የመሳቢያ መስመር ደግሞ ሽቦ የተጠቀለለበት ጎማ መሆን አለበት። ቪዲዮ ላይ አንዱ «ከመኪና ዕቃ መደብር የራዲያተር ጎማ ገዝታችሁ ቁረጡና አስገቡ» ይላል፤ ስንት ሰው እንዳየለት አትጠይቁኝ። ሽቦ የሌለው ጎማ በቀጭን ስትሮ ወፍራም የአቮካዶ ጭማቂ ስትስቡ እንደሚሆነው ነው የሚጣበቀው። ወደብ ላይ በዝቅተኛ ዙር ሲሞከር ምንም አይልም። ባሕር ላይ ዙሩ ሲጨምር፣ በተለይ በበጋ ጄሊፊሽ ማጣሪያውን ሲደፍነው፣ ጎማው ይጨመደዳል፣ ሙቀቱ ይወጣል። ባለቤቱ ተርሞስታት ይቀይራል፣ ፖምፓ ይቀይራል፣ መለዋወጫውን በአሲድ ያሳጥባል። ዙሩን ሲቀንሱት ደግሞ ጎማው ተመልሶ ይከፈታል፤ ማንም አያገኘውም።

አሁን ወደ ፋሸታው።

ማሸጊያው ላይ «ስቴንለስ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ቀበቶው ስቴንለስ ነው። ብሎኑ ግን ብዙ ጊዜ ተራ ብረት ላይ ነጭ ቅብ ነው፣ ወይም ስቴንለስ ተብሎ በጨው ውሃ ቶሎ የሚዝግ ርካሽ ዓይነት። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና መደብሩ ውስጥ ብሎኑ ላይ አስጠጉት። ጥርቅ ብሎ ከያዘው መልሱት። ደህናውን ጨርሶ አይስበውም ወይም በጣም በስሱ ነው የሚስበው። 316 የተባለውን ስቴንለስ ፈልጉ። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ምሳ አይበልጥም፤ ሰው ግን ለሸራው ሺህ ዶላር አውጥቶ ፋሸታ ላይ ይቆጥባል።

ሌላው ቀበቶው ነው። ርካሹ ፋሸታ ላይ ብሎኑ የሚይዝበት ጥርስ ዘልቆ ተበስቷል። በቀዳዳው ጎማው ወደ ላይ እያበጠ ይቆረጣል፤ የቀበቶውም ጥንካሬ ያለው በቀዳዳዎቹ ግራና ቀኝ በቀረችው ክር ብቻ ነው። ደህናው ጥርሱ ተጨፍልቆ የወጣ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ስዊድን የሚሠራው አዋብ እንደዚያ ነው። እዚህ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ከወንዝ ጋር ስለተቀላቀለ ጨው የለውም ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። አለው። የሚያስፈልገውን ያህል አለው።

ዝገቱ ደግሞ ከላይ አይጀምርም። ውሃ ተንጠባጥቦ የሚያርፈው ከሥር፣ ቀበቶው ከጎማው ጋር በተጣበቀበት ጨለማ ቦታ ነው። ከላይ ብሎኑ ያበራል፤ ከሥር ቀበቶው እንደ ወረቀት ሳስቷል። ስለዚህ በእጅ ገብታችሁ ዳስሱ፣ ስልካችሁን ከሥር አስገብታችሁ ፎቶ አንሡ። ያ መርማሪ ቢያንስ አንዴ በደረቱ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ያየው ነበር። አልተኛም። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ከላይ በባትሪ አብርቶ የቅጹ ሣጥን ላይ ምልክት አደረገ። ለዚህ ባለቤቱ በጫማ ተለክቶ ከፍሏል!

«ድርብ ፋሸታ» የሚባለውም ነገር እምነት ሆኗል። የጀልባ ደረጃ የሚያወጣው ኤቢዋይሲ ዋና ቢሮው እዚሁ አናፖሊስ ነው፤ ደረጃውም በፈቃድ የሚከተሉት እንጂ ሕግ አይደለም። ለጭስ ጎማ በየጫፉ ሁለት ፋሸታ ያዛል፤ ትክክል ነው። መድን ድርጅቶቹ ግን ይህን ይዘው በየጎማው ሁለት ካላየን ውል አናድስም ይላሉ። አፉ አጭር በሆነበት ቦታ ሁለተኛውን ስታስሩት ከብረቱ ጫፍ ያልፍና ባዶ ጎማ ላይ ያርፋል። ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። አጭር አፍ ላይ አንድ ሰፊና ደህና ፋሸታ ከሁለት ይሻላል፤ ይህን በጽሑፍ አስረድቼ ልኬ የተመለሰልኝ መልስ «እባክዎ ሁለተኛውን ጨምረው ፎቶ ይላኩ» የሚል ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ ፋሸታ መቁጠር ቀላል ነው።

ደግሞ «ውሃ ቢገባ የጀልባዋ ሆድ ፖምፓ ያወጣዋል» አትበሉኝ። የ1 ኢንች ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በደቂቃ ወደ 100 ሊትር ሊያስገባ ይችላል። በትናንሽ ጀልባዎች የሚገኘው በሰዓት 500 ጋሎን የተባለው ፖምፓ በደቂቃ 31 ሊትር ነው፤ እሱም ሽቅብ ሳይገፋ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

4 ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ጎማው አልገባ ሲል ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አለስልሱት፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀቡት። ዘይትና ግሪስ አይነካውም። የማቀዝቀዣ ጎማ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከፋሸታው ሥር ይንሸራተታል። ፋሸታውን በካቻቪቴ ሳይሆን በትንሽ ቁልፍ አጥብቁ፣ ሞተሩ አንዴ ሞቆ ከበረደ በኋላ መልሳችሁ አጥብቁት።

ጎማ መቼ ይቀየራል ለምትሉ፦ መሐሉን ጨምቆ «ለስላሳ ነው፣ ደህና ነው» ማለት አይሠራም። ጎማ ሠሪው ጌትስ ከዓመታት በፊት ያሳየው ነገር አለ፤ ብረቱ፣ ፈሳሹና ጎማው አንድ ላይ ሆነው እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ጎማውም ከውስጥ፣ በተለይ በጫፎቹ አጠገብ፣ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከፋሸታው አጠገብ በሁለት ጣት ጨምቁ፣ መሐሉንም ጨምቁ፣ አወዳድሩ። ጫፉ ከመሐሉ የለሰለሰ ወይም ቦይ ቦይ የሚል ከሆነ አልቋል።

የማቀዝቀዣ ፈሳሹን ስትሞሉ አየር ይቀራል። የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ያላቸው ጀልባዎች ላይ ማሞቂያው ከሞተሩ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አየሩ እዚያ ይሸሸጋል። ከላይኛው ጎማ ላይ ፋሸታውን አላልታችሁ ፈሳሹ እስኪወርድ አስተንፍሱ። ግላይኮልና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ፤ ይህ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ ቧንቧ ውሃ ደግሞ ድንጋይ ይጋግራል። ቀለሙን አይታችሁ አትቀላቅሉ፤ አረንጓዴም ብርቱካንማም የአምራቹ ምርጫ እንጂ ደረጃ አይደለም። የፈሰሰውን ጀልባዋ ሆድ ውስጥ አትተዉት፤ ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ውሻ ይልሰውና ኩላሊቱ ይሞታል።

«አገር ቤት ውሃ ብቻ ነው የምንጨምረው፣ ምን ሆነ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ተርሞስታቱ ገና 82 ላይ ነው መክፈት የሚጀምረው። በመሐሉ ያለውን ክፍተት የሚያሰፋላችሁ የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ይጠፋል፣ አይሱዙው ዓባይ በረሃን ሲወጣ ይፈላል፣ መካኒኩም «ተርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» ይላል። ክዳን መቀየር እያለ! በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ተርሞስታቱ ሲወጣ መመለሻው መንገድ ክፍት ይቀርና ውሃው ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፤ ጭራሽ ይብሳል። ቴስታታው ሲጣመም ደግሞ ጥፋቱ የሹፌሩ ይሆናል። ይህን የሙያ ትምህርት ቤቶቹ ለምን በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደማያስተምሩት አይገባኝም፤ ተማሪው የራዲያተርን ሥዕል ስሎ ፈተና ያልፋል፣ የክዳን ግፊት መለኪያ ግን በእጁ ሳይዝ ይመረቃል።

አንድ ነገር ዘልያለሁ። ሁሉን አስራችሁ ስትጨርሱ ሞተሩ አልነሣም ካለ፣ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ሞተሪኖውን ደጋግማችሁ አታስጩኹት። የባሕሩ ውሃ ማርሚታውን ይሞላል፤ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ረጅም ሙከራ ካስፈለገ ቫልቩን ዝጉ፣ ሞተሩ እንደተነሣ ወዲያው ክፈቱ፣ ሮጣችሁም የጀልባዋን ኋላ እዩ። ከጭሱ ጋር ውሃ ሲተፋ ካላያችሁ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አጥፉት፤ የፖምፓው የጎማ ምላስ ደርቆ ከዞረ ይቃጠላል፣ ስብርባሪውም መለዋወጫው ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። እሱን በፒንሳ መልቀም የነገ ጠዋት ሥራዬ ነው፤ የሌላ ሰው ጀልባ።