የኤድንብራ የካርቦን ፈጠራ ማዕከል ሕንጻ

የኤድንብራ የካርቦን ፈጠራ ማዕከል ሕንጻ በስኮትላንድ ዋና ከተማ የሚገኝ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ታሪካዊ ሕንጻ ነው። ጥንታዊ ቤት ሳይፈርስ ኃይል ቆጣቢ ሊሆን እንደሚችል በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ታሪክ

ሕንጻው እ.ኤ.አ. በ1777 ለሮያል ሃይ ስኩል ተሠራ። ደራሲው ዋልተር ስኮት በልጅነቱ እዚያ ተምሯል። ትምህርት ቤቱ በ1829 ወደ ካልተን ኮረብታ ሲዛወር ቤቱ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሆነ፤ በኋላም ለዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ዋለ።

እድሳት

በማልኮም ፍሬዘር አርክቴክቶች ንድፍ ታድሶ በ2013 ተከፈተ። ለአዲሶቹ ክፍሎች ተነባብሮ የተጣበቀ ጣውላ ጥቅም ላይ ውሏል። ሕንጻው ብሪያም በተባለው የብሪታንያ የሕንጻ አካባቢያዊ መመዘኛ ከፍተኛውን ደረጃ አግኝቷል።

የድንጋይ ግድግዳ ችግር

በሕግ የተጠበቀ ሕንጻ የፊት ገጽታው ስለማይሸፈን፣ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚከላከለው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ይደረጋል። ይህ ግን አደጋ አለው። ድንጋዩ የክፍሉ ሙቀት ስለማይደርሰው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲያርሰውም ቶሎ አይደርቅም። ከክፍሉ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ድንጋይ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት የወለል አግዳሚዎች ጫፍም ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ግድግዳዎች ላይ እርጥበት የሚያሳልፉ የእንጨት ቃጫና የኖራ ልስን ይመረጣሉ፤ በቂ የአየር ዝውውርም ያስፈልጋል።

ጥቅም

ነባሩን ግድግዳ ማቆየት ለአዲስ ሲሚንቶና ብረት ምርት የሚወጣውን ኃይል ያስቀራል። በአንጻሩ ማሞቂያው ብዙ ነዳጅ የሚፈጅ ከሆነ ይህ ትርፍ በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ስለዚህ ቅርስን መጠበቅና ኃይልን መቆጠብ አብረው ይታቀዳሉ።