በድሮ ብር የተከፈለ ድርሻ

ከእስቴ መካነ ኢየሱስ አንድ የውርስ ጉዳይ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። አባት ሲሞቱ ወንድምየው ቤቱን ይዞ ሊኖርበት፣ ወደ ስማዳ የተዳረችው እህቱ ደግሞ የግምቱን እኩሌታ በብር ልትቀበል በ2003 ዓ.ም. በሽማግሌ ተስማሙ። ብሩ በእጅ አልነበረም፤ “እንዳገኘ ይከፍላል” ተብሎ ተጻፈ። በ2017 ከፈለ፤ የተጻፈውን አላጎደለም። ድርሻዬ አልደረሰኝም ብላ አቤት ያለችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤቱን እንድገምት እኔ የተጠራሁትም ያኔ ነው።

ወንድምየው ተንኮል የለበትም። “እታለም፣ ከነሳንቲሙ ሰጥቼሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቢጨምር የእኔ ዕድል ነው” አላት። ሽማግሌዎቹም ልክ ነው አሉ። ከዚህ በላይ የሚያደክመኝ አነጋገር የለም። ነፋስ መውጫም፣ አርብ ገበያም፣ ወገዳም በሄድኩበት ሁሉ ይጠብቀኛል፦ “ቤቱ ጨመረ።”

ቤቱን ለካሁት። ጭቃ ግድግዳ፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ክዳን። በጓዳው በኩል ያለው ማዕዘን እግሩ በስብሷል፣ የክዳኑ ጠርዝ ዝጓል፣ ምርጊቱ በዝናም በኩል ተልጦ ማገሩ ይታያል። ስምምነቱ ሲጻፍ ከነበረበት ይልቅ ዛሬ ያረጀ፣ የደከመ ቤት ነው። በሙያችን ደንብ ቤት በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ይወጣለታል፤ ጨመረ የሚባልበት መንገድ የለም። ሆኖም የዛሬውን የዕቃና የእጅ ዋጋ አስገብቼ ስደምር፣ ተቀናሹን ካነሳሁለት በኋላ እንኳ፣ የወጣው ቁጥር ከ2003ቱ ግምት ጋር የሚቀራረብ አይደለም። ያደገው ቤቱ ካልሆነ የተለወጠው መለኪያው፣ ብሩ ራሱ ነው።

እስከ 1985 መስከረም ድረስ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ያን ወር 5 ብር ሆነ። በ2002 ነሐሴ ከ16 ብር አለፈ፤ በ2010 ጥቅምት ወደ 27 ተጠጋ። በ2016 ሐምሌ ገበያ ይወስነው ተብሎ ሲለቀቅ ከ57 ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። “እኛ ጋይንት ሆነን ዶላር ምን አገባን?” የሚለኝ ብዙ ነው። የቆርቆሮው ጥቅል ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው፤ ምስማሩም፣ የበሩ ብረትም እንዲሁ። ሲሚንቶው አባይን ተሻግሮ በወረታ በደብረ ታቦር ዞሮ ነው የሚደርሰን፤ የነዳጁን ዋጋ ተሸክሞ ይመጣል፤ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይወደዳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። የራሳችን ባሕር ዛፍም ቢሆን እስከ ሱዳን ሲጫን የኖረ ዕቃ ስለሆነ በጎረቤት ዋጋ አይገኝም። ግንበኛውና ጭቃ አቡኪው ደግሞ ቀለባቸው ሲወደድ የቀን ሒሳባቸውን ይጨምራሉ፤ ሊጨምሩም ይገባል።

ይህን ነገር ሕዝባችን አያውቀውም እንዳልል፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ቀድሞ ነው ያወቀው። የምግብ ዋስትናው ፕሮግራም ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር የአንድ ቀን ሥራ ክፍያ 6 ብር ነበር። በ2000 ክረምት የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ ሲወጣ ክፍያው 8 ብር ሆኖ ነበር፤ ነገር ግን በ8 ብር የሚገዛው እህል በ1997 በ6 ብር ይገዛ ከነበረው አነሰ። ያኔ ተጠቃሚው ገበሬ ብሩ ይቅርብኝ፣ ስንዴውን ስፈሩልኝ አለ። ኢኮኖሚስት አላስተማረውም፤ ቁና ይዞ ገበያ ወጥቶ አይቶት ነው። ታዲያ ያ ሰው፣ ስንዴና ብር ቢያስመርጡት ስንዴውን የሚያነሣው፣ ሽማግሌ ሆኖ ሲቀመጥ የአንዲትን ሴት የአባት ቤት ድርሻ በብር አስጽፎ ዓመታት ሲያልፉ ለምን ዝም ይላል? ይህ ነው የሚያናድደኝ። በእህል ላይ የነቃ ዓይን በቤት ላይ ይከደናል። ልብ በሉ፣ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው፤ ወረቀት ይዛ የምትሄደው የተዳረችዋ ናት።

በወረቀት ላይ የቆመ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ የቀበሌ ቤቶች ያሳያሉ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። የብዙዎቹ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ አላለም። ዋጋው የቆመ ኪራይ ክዳን አይለውጥም፤ በየከተማው ተሰነጣጥቀው የምናያቸው እነዚያ ናቸው።

ሕጉም ብዙ አያድንም። ከ1952 ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የገንዘብ ዕዳ በተጻፈው ልክ እንዲከፈል ያዛል፤ ሕጋዊ ወለዱም በዓመት 9 በመቶ ነው። ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት በ2014 ሙሉ ወለድ የታሰበላት ሴት እንኳ ከገንዘቧ ጉልበት ብዙ አጥታለች። ይህችኛዋ ደግሞ ወለድ የሚባል አልተጻፈላትም።

ዋጋው በእውነት የጨመረ ቤት የለም አልልም። የወረታ–ወልድያ መንገድ ዳር፣ ነፋስ መውጫ ላይ ለሱቅ የሚሆን ፊት ያለው ቤት በብር መውረድ ብቻ አይደለም የተወደደው። መሬት በሕገ መንግሥቱ ስለማይሸጥ የቦታው ተፈላጊነት በቤቱ ዋጋ ላይ ተደርቦ ይመጣል። እሱን ለይቼ አስቀምጣለሁ። የእስቴው ቤት ግን ከገበያው ራቅ ብሎ ከተማው ጠርዝ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰውም። ወንድምየው በቤቱ ላይ ያደሰው ካለም ወጪው ተቆጥሮ ይነሣለት፤ ድካሙ ገንዘቡ ነው። የቀረው ግን የአባታቸው ቤት ነው፤ እኩሌታውም የእሷ ነው።

በግምት ሰነዴ ላይ የ2003ቱ ብር የዛሬውን ድርሻ አይሸፍንም ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከዚህ ወዲህ ግን ሽማግሌዎችንና ውል ጸሐፊዎችን የምለምነው አለኝ። ድርሻ በዕለቱ የማይከፈል ከሆነ የብሩን ቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ “የቤቱ ግማሽ፣ በሚከፈልበት ቀን ግምት” ብላችሁ ጻፉ። የግምቱን ቀን አስፍሩ፤ ዓመት ካለፈውም እንደገና ይገመት። የእድሳት ወጪ በደረሰኝ ወይም በምስክር ይያዝ። እናንተም የተዳራችሁ እህቶች፣ ይህ ሳይጻፍ በፊት በስምምነቱ ላይ አትፈርሙ።