ተጨማሪ መረጃ፦ ከመቶ ሦስት

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ስርቆትን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ። ስለዚህ ውጤቱ ተማሪዎቹ በአንድ ዓመት ሰነፉ ማለት አይደለም፤ ተሸፍኖ የኖረ ድክመት ገሃድ ወጣ እንጂ። በ2017 ዓ.ም. ድርሻው 8.4 በመቶ ደርሷል።

በአማራ ክልል ሰሜን ጎንደር፣ ደባርቅና ዳባት ላይ ሆኖ ይህን ቁጥር የሚያነብ ሰው የሰሜኑን ጦርነት ሊዘነጋ አይገባም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ውጊያው እዚህ ደርሶ፣ በዳባት ወረዳ ጭና ቀበሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያለው ግጭትም በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከገጠር እያመጣ ይማራል። ስንቅ ሲያልቅ ትምህርቱም ይቋረጣል። እንዲህ ያለውን ተማሪ በአንድ የፈተና ነጥብ ብቻ መመዘን ፍትሐዊ አይመስለንም።

መንግሥት ማለፊያ ነጥቡን ላላገኙ፣ ግን ለተጠጉት ተማሪዎች ሬሜዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ጀምሯል። ንባብና ስሌት ግን የሚደላደሉት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው።