ተረትና እውነታ፦ ወተቱ ሲሸጥ

በአዋሽ ሰባት ኪሎ፥ መንገደኛው ለቍርስ በሚወርድበት ሰዓት፥ ጎሕ ሳይቀድ ከመንደሯ የተነሣች አንዲት የአፋር እናት የግመል ወተቷን ከቢጫው ጀሪካን በኩባያ እየሰፈረች ሸጣ ከጨረሰች በኋላ፥ ካገኘችው ብር ላይ ቆንጥራ ብስኩት ገዝታ፥ በስኳር በጣፈጠ ሻይ እየነከረች በጭኗ ላይ የተቀመጠውን ሕፃን ስታጐርሰው አየሁ። «እኅቴ፥ ለልጁስ ወተት አላስቀረሽለትም?» ብላት፥ «ወተቱ የገጠር ነው፥ ወንድሜ፤ ይህ የከተማ ምግብ ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ፥ ሴት የራሷን ገንዘብ ስታገኝ የቤቷ ማዕድ በራሱ ይስተካከላል የሚለውን ወሬ በሰማሁ ቍጥር ያ ሕፃን ይታወሰኛል።

እምነቱ ከቶ መሠረት የለውም አይባልም። ዱንካን ቶማስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1990 እ.ኤ.አ. ስለ ብራዚል ባሳተመው ጥናት፥ በእናት እጅ የገባ ገንዘብ በአባት እጅ ከገባው ይልቅ ለልጆች ጤና እንደሚረባ አሳይቷል፤ በአፋርም ልማድ ወተትና ቅቤ የሴት ድርሻ፥ ከብት መሸጥ ደግሞ የወንድ ሥልጣን ስለ ሆነ፥ የወተቱ ዋጋ ለእናቲቱ ትልቅ ነገር ነው። ወተትን በእህል መለወጥም ሞኝነት አይደለም፤ የአንድ ኩባያ ወተት ዋጋ በበቆሎ ሲመነዘር ከወተቱ የበለጠ ጕልበት ይሰጣልና፥ በክፉ ቀን ቤተ ሰብን የሚያቆመው ይኸው ለውጥ ነው።

ሐሰቱ ያለው «በራሱ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ገንዘቡ እህል መሆኑ ቀርቶ ስኳር፥ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ሆኖ ወደ ቤት ከተመለሰ፥ የሴቲቱ ገቢ አደገ ተብሎ በመዝገብ ሲጻፍ የልጁ ሲሳይ ጐድሏል፤ በወተቱ ውስጥ ያለውን ገንቢ ምግብ፥ ካልሲየምና ቫይታሚን ስኳር አይተካውም፥ ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይም ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንስበታል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ በአፋር ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ከመቶ 40 የሚበልጡት የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ ሁሉ እየታወቀ፥ የቍጠባ ደብተር አንሥቶ «ሴቶቻችን ገቢ አገኙ፤ እንግዲህ ምግባቸው ተሻሽሏል» የሚለውን ተናጋሪ ቍጭ ብዬ ማድመጥ አልችልም፤ ደብተሩ ልጁ የበላውን አይናገርምና። ከታለበው ወተት ስንቱ ይሸጥ፥ ስንቱ ይቅር የሚለውን ግን እኔ ከሩቅ ሆኜ ለመወሰን አልደፍርም፤ ይህን የግመሏ ጡትና የዓመቱ ዝናም ይወስኑታል።

በምግብ ነገር የሚወራው ተረት ይህ ብቻ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ሽሉ ገዝፎ ምጥ ይከብዳል የሚሉም አሉ። ተርባ የከረመች እናት ግን ደካማ ልጅ ትወልዳለች፥ ራሷም ለምጡ ኀይል ታጣለች። የቆርቆሮው ዱቄት ወተት ከግመል ወተት ይበልጣል መባሉም ከንቱ ነው፤ የግመል ወተት፥ በቫይታሚን ሲ ከላም ወተት እንኳ ይልቃል። ጨው ሁሉ አንድ ነው ለሚሉትም፥ ከዚያው ከአፋር፥ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨው አዮዲን ሲጨመርበት እንቅርትን ይከላከላል፤ ሳይጨመርበት ግን አይከላከልም።

በአዋሽም ሆነ በሰመራ ለሴቶች ገቢ የምትደክሙ ወገኖች ሆይ፥ «ዛሬ ስንት ሸጥሽ?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ፥ «ልጁ ዛሬ ጧት ምን ጠጣ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።