መንግሥቱ ወርቁ፦ የአጥቂ ሚዛን



በደባርቅና በዳባት ሜዳዎች ኳስ የሚጫወቱ ልጆቻችን የውጭ አጥቂዎችን የጎል ብዛት በቃላቸው ያውቁታል። እኔም ስለ መንግሥቱ ወርቁ የምናገረውን ከቁጥር ልጀምር።

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባስተናገደችው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ መንግሥቱ ያገባው 3 ጎል ነው። ጥቂት ይመስላል። ይሁን እንጂ ተወዳዳሪዎቹ 4 አገሮች ብቻ ስለ ነበሩ ኢትዮጵያ ለዋንጫው የበቃችው በ2 ጨዋታ ነው። መንግሥቱ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ላይ 2፣ በፍጻሜው ደግሞ 1 አግብቶ ከግብፁ በደዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ። ጥር 13 ቀን የተደረገው ፍጻሜ በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ 3ኛውን አገባ፤ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ 4ኛውን አክሎ ድሉን አጸናው።

መጫወት ካቆመ በኋላም በአሠልጣኝነት ብሔራዊ ቡድኑን ለ1974ቱ የሊቢያ አፍሪካ ዋንጫ አበቃ። ኢትዮጵያ ወደዚያ መድረክ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አጥቂን ስንመዝን «ስንት አገባ?» ብለን አናቁም፤ «መቼ አገባ? ያወቀውንስ ለማን አስተላለፈ?» ብለንም እንጠይቅ።