የማያመው የጡት እብጠት

በዘመሮ ከተማም ሆነ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ሲያመው ነው። ይህ ልማድ ለብዙ በሽታ ይሠራል። ቁርጠት፣ ትኩሳትና ስብራት ሰውን በግድ ከቤቱ አስነስተው ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ከሥራም አያስቀርም። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ለገብስ አጨዳ የምትወርድ እናት በጡቷ ውስጥ እንደ ባቄላ ፍሬ የጠጠረ ነገር ብታገኝና «አላመመኝም፣ ይጠፋል» ብላ ብታልፈው አያስደንቅም። አጨዳው ይለፍ፣ ከዚያ ውቂያው ይለቅ፣ ከዚያ ጾሙ ይፈታ እየተባለ ወራት ይነጉዳሉ። በሽታው ገዳይ የሚሆነው በእነዚያ ወራት ነው።

በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት በአገራችን በአንድ ዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎች፣ 9 ሺህ ገደማ ደግሞ በዚሁ በሽታ የሚሞቱ ሰዎች እንደነበሩ አመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2022 ያስቀመጠው የዓለም አኃዝ 2.3 ሚሊዮን ታማሚዎችና 670 ሺህ ሟቾች ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተያየት ብዙ ይናገራል። በዓለም ደረጃ ለ10 አዲስ ታማሚ 3 የሚደርስ ሞት ሲመዘገብ፣ በእኛ አገር ከ5 ይበልጣል። በሽታው ያው ነው፤ የሚለየው ታማሚዋ ሐኪም ፊት የምትቀርብበት ጊዜና ከቀረበች በኋላ የምታገኘው ሕክምና ነው።

ይህንን በአገር ውስጥ ማስረጃ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የታከሙ 1 ሺህ 70 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ነበር። የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። በሽታው ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ሳለ ከታከሙት ከመቶው 72 ያህሉ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይዛመት 5 ዓመት ማለፍ ችለዋል። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ከመጡት ግን ይህ የተሳካላቸው ከመቶው 33 ያህሉ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸውም ልብ ይባል፤ 43 ዓመት በገጠር ቤት ልጅ የሚያሳድጉበት፣ ቤትና ማሳ የሚያስተዳድሩበት ዕድሜ ነው።

ካንሰር፣ ቀደም ሲል በተለምዶ ነቀርሳ ይባል የነበረው፣ ከውጭ የሚገባ ተባይ አይደለም። የራስ ሰውነት ሕዋስ የሚያድግበትና ማደግ የሚያቆምበት ሥርዓት ሲዛባ ያለ ልክ መራባት ይጀምራል። በጡት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ወተት ከሚያስተላልፉት ቀጫጭን ቱቦዎች ግድግዳ ነው። ከዚያ ወደ ዙሪያው ሥጋ፣ ወደ ብብት ንፍፊቶች፣ ሲቆይም ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ይሄዳል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ምች፣ ብርድ ወይም የሰው ዓይን አያመጣውም። ልጅ ማጥባት የመያዝ ዕድልን በመጠኑ ይቀንሳል፤ በዓለም አቀፍ ጥናት እንደታየው በእያንዳንዱ የማጥባት ዓመት 4 በመቶ ያህል። ሆኖም ስድስት ልጅ ያጠባች እናት አይነካኝም ብላ መተማመን የለባትም። ከታማሚዎቹ ግማሽ የሚሆኑት ሴት ከመሆናቸውና ከዕድሜያቸው በቀር ሌላ የተለየ ምክንያት አይገኝባቸውም። ወንዶችም ቢሆኑ ፈጽሞ ነጻ አይደሉም፤ ከመቶ ታማሚ አንድ ቢሆን ነው እንጂ በወንድ ጡት ላይም ይከሰታል።

ምልክቶቹ

የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ፣ ጠንካራ፣ የማያም እብጠት ነው። የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መጎርበጥ፣ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ቀድሞ ወጥቶ የነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከአንዱ ጡት ብቻ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ መውጣት፣ በጫፉ ዙሪያ የማይድን ቁስል፣ የአንዱ ጡት መጠንና ቅርጽ በድንገት መለወጥ ሌሎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ በጡት ውስጥ ከሚገኙ እብጠቶች የሚበዙት ካንሰር አለመሆናቸው ነው። በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ ፈሳሽ የቋጠሩ ወይም ጉዳት የሌላቸው ዕጢዎች በብዛት ይታያሉ። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በእጅ በመዳሰስ ብቻ ማንም በእርግጠኝነት ሊለይ አይችልም።

በግብርና ኮሌጅ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የወተት ላም ግት በየዕለቱ ተዳስሶ መታየት እንዳለበት ነው። የአካባቢያችን አርሶ አደር ይህንን ያለ ኮሌጅም ያውቀዋል፤ ግቱ ቢሞቅ፣ ቢጠጥር፣ ወተቱ ቢረጋ በዚያው ጠዋት ይለየዋል። ንጽጽሩ የሚጠቅመው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። የላሟ የግት በሽታ ባብዛኛው የተሕዋስ ቁስለት ሲሆን ይሞቃል፣ ያማል። በምታጠባ እናትም ተመሳሳይ ሕመም ይከሰታል፤ ጡት ይቀላል፣ ይግላል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ በፀረ ተሕዋስ መድኃኒትም ይድናል። አሳሳቹ ነገር እብጠትና መቅላት የሚያሳይ፣ ፈጥኖ የሚያድግ የጡት ካንሰር ዓይነትም መኖሩ ነው። ስለዚህ ለጡት ቁስለት የታዘዘ መድኃኒት ተወስዶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ ሌላ ዙር መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ ወደ ሆስፒታል መላክን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ራስን መዳሰስ በየወሩ፣ የወር አበባ ባበቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢደረግ ይመከራል። ሆኖም ብቻውን በቂ አይደለም። በቻይና ሻንጋይ ከተማ ከ266 ሺህ በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት ራስን መዳሰስን ማስተማር ብቻውን ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ለእኛ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው በሕንድ ሙምባይ የተካሄደው ነው። በዚያ ሥልጠና የወሰዱ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የሴቶችን ጡት በእጃቸው እየመረመሩ 20 ዓመት ክትትል ተደረገ። በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ ላይ መገኘት ቻለ፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶችም በበሽታው የሚደርሰው ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ማሞግራም እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ነገር ግን በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ባለበት አገር ይህ ውጤት ሊታይ የሚገባው ይመስለኛል።

ከጤና ኬላ እስከ ጥቁር አንበሳ

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ የበሽታዋ ምንነት እንዲታወቅ ግብ አስቀምጧል። ለዘመሮ ሰው 60 ቀን ረጅም አይደለም። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን፤ እንደ ሁኔታው ደግሞ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ። በእያንዳንዱ እርከን አንድ ወር ከባከነ ግቡ መንገድ ላይ ይቀራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የታደሰ መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ይዞ መሄድ፣ መድኑ የትኛውን ወጪ እንደሚሸፍንም ከመነሣቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

በሆስፒታል ምርመራው ሦስት ነገሮችን ያካትታል፤ የሐኪም ዳሰሳ፣ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም፣ እንዲሁም ከእብጠቱ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና። ወሳኙ ናሙናው ነው። «መርፌ ከነካው ይበተናል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ከዚህ ደረጃ ይመልሳል፤ መሠረት የለውም። ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው እብጠቱን በባህላዊ መንገድ መተኮስ፣ መብጣትና ቅጠል መለጠፍ ነው። ቁስሉ ሌላ ተሕዋስ ይጋብዛል፣ ጊዜም ይበላል።

ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው እንደ ደረጃው ይወሰናል። ቀዶ ሕክምና ዕጢውን ወይም ሙሉ ጡቱን ከብብት ንፍፊቶች ጋር ያወጣል። ኬሞቴራፒ በደም ሥር የሚሰጥ፣ በሳምንታት ልዩነት የሚደጋገም መድኃኒት ነው፤ ፀጉር ይረግፋል፣ ሕክምናው ሲያልቅ ተመልሶ ይበቅላል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ስለነበር ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። በቅርብ ዓመታት ጅማ ላይም ተጀምሯል።

ከሁሉም ይልቅ ለገጠር ታማሚ ሊነገር የሚገባው ስለ ታሞክሲፈን ነው። በጥቁር አንበሳ በተደረገ ሌላ ጥናት ከተመረመሩት ዕጢዎች 65 በመቶ ያህሉ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበሉ ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ዓይነቱን ዕጢ ለማከም በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች አንጻር ዋጋው ዝቅ ያለ እንክብል አለ። አምስት ዓመት ሳይቋረጥ ከተወሰደ በበሽታው የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ችግሩ «ሳይቋረጥ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ጤነኛ ሆኖ የሚሰማው ሰው መድኃኒት ለመቀበል በየጊዜው ከመንዝ ደብረ ብርሃን መመላለስ ይከብደዋል። መድኃኒቱ በሚወሰድበት ጊዜ ማርገዝ ስለማይገባም ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

በአካባቢያችን ሕመም ሲጠና ፀበል መሄድ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ከሕክምናው ጋርም አይጣላም። በ1999 ዓ.ም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ፀበል የገባች እናትም ኬሞቴራፒዋን ወይም እንክብሏን ማቋረጥ የለባትም።

አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ሰው የት አድራለሁ ብሎ ይጨነቃል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ አቅመ ደካማ የካንሰር ታማሚዎች ማረፊያ ስላለው፣ የሪፈር ወረቀት የሚጽፈውን ባለሙያ ስለዚሁ አስቀድሞ ማማከር ይጠቅማል።

የናሙናውን ውጤት የያዘው ወረቀት ደግሞ ሳይጠፋ ሊቀመጥ ይገባል። ዕጢው ሆርሞን ተቀባይ መሆን አለመሆኑ ተመርምሮ ከሆነ የሚጻፈው በእርሱ ላይ ነው፤ ካልተጻፈም ሐኪሙን መጠየቅ ያሻል። ሌላ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ታሞክሲፈን ለማዘዝም ሆነ ለመተው የሚመለከተው ይህንኑ ወረቀት ነው። ቅጂ አስነሥቶ ዋናውን ቤት ማስቀመጥ፣ ቅጂውን ይዞ መጓዝ ይሻላል።